ቀሪው ስንት ነው? ከባሕረ ሐሳብ እስከ ስልክ ባንክ

ደብረ ማርቆስ፣ እህል ተራ። ሴትዮዋ ጤፉን መዝነው ጨርሰዋል። ወጣቱ ገዢ ስልኩን ይነካካል።

«እማማ፣ ገባ?»

«አልገባም ልጄ፤ ቆይ።»

ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አውጥተዋል። ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም። ትንሽ ቆይቶ ጢጥ አለ። አጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ልጅ መልእክቱን አነበበችላቸው። ገብቷል። ጆንያው ባጃጅ ላይ ተጫነ።

ይህ አሁን የተለመደ ነገር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባንኮቹም የየራሳቸው መተግበሪያ አላቸው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ብር ሳይቋጠር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ሰው የሚጠይቀው «ኔትወርክ አለ?» ብሎ ብቻ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። የወጣቱ ስልክ ከባንኩ ኮምፒውተር ጋር ሲነጋገር ንግግሩን የሚቆልፈው ማን ነው?

መልሱ ቁጥር ነው። ብረትም ዘበኛም የለም። አንድ በጣም ትልቅ ቁጥር አለ፤ እሱ በሩ ላይ ይቆማል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያዎች ይህ ቁጥር እስከ መቼ ይቆማል እያሉ ይጨነቃሉ። የሚፈሩት የስሌት ዘዴ ደግሞ በልቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይዟል። ያ ጥያቄ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ሲጠየቅ የኖረ ነው። «ገድፈህ ስንት ቀረህ? ቀሪው ተመልሶ የሚመጣውስ ከስንት በኋላ ነው?» መግደፍ ማለት ቁጥሩን አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ ነው።

ነገሩን ከትንሹ ልጀምረው።

ሦስት ጎረቤታሞች

ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። አምና 7517 ነበር። ለከርሞ 7519 ነው። ሦስቱ ቁጥሮች አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

የአምናውን እንየው። 7517 ለ2 አይከፈልም። ለ3ም፣ ለ5ም፣ ለ7ም አይከፈልም። እንዲህ እያልን እስከ 83 ብንሄድ ሁሉም እምቢ ይላል። ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። 87 በ87 ሲባዛ 7569 ነውና፣ ትልቅ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ ትንሹ ጓደኛው ቀድሞ ይገኝ ነበር። ስለዚህ 7517 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። በአንደኛ ደረጃ «ብቸኛ ቁጥር» ብለን የተማርነው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ፕራይም» እንለዋለን። አንድ ነገር ልጨምር፤ 2017 ራሱም ብቸኛ ቁጥር ነው። አምና በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም ብቸኛ ዓመት ነበር ማለት ነው። ይህን ያስተዋልኩት በቅርቡ ነው፤ ደስ ብሎኛል።

የዘንድሮው 7518 ዘመደ ብዙ ነው። 2 × 3 × 7 × 179 ነው። ራሱን ጨምሮ 16 አካፋዮች አሉት። ከራሱ በቀር ያሉትን ብንደምራቸው 9762 ይመጣል፤ ከቁጥሩ ይበልጣል። ሒሳበኞች ቁጥሮችን እንዲህም ይመድባሉ። የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ የሚበልጥ አለ፣ የሚያንስ አለ፣ ልክ የሚሆንም አለ። ልክ የሚሆነውን «ፍጹም ቁጥር» ይሉታል። 28 አንዱ ነው፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28። ይህችን 28 አትርሷት፤ በኋላ በሌላ መንገድ ትመጣለች።

የከርሞው 7519 ደግሞ ድብቅ ነው። ለ2 አይከፈልም፣ ለ3 አይከፈልም፣ ለ7 አይከፈልም። 11፣ 13፣ 17 እያልን ሃያ ብቸኛ ቁጥሮችን እንሞክራለን። ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ። ሰው «ይሄም እንደ አምናው ብቸኛ ነው» ብሎ ሊተወው ይችላል። ሃያ አንደኛው 73 ነው። እሱ ላይ ይከፈታል። 7519 = 73 × 103። ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሠሩት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

የስልክ ባንክ በር ላይ የሚቆመው ቁጥር የዚህኛው ዓይነት ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

ሠርገኛ ጤፍ

ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ አንድ ጆንያ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉት። ሠርገኛ ይሆናል። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አሁን መልሳችሁ ነጩን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ አድርጉት ብትባሉ ግን ሰፌድም ወንፊትም አያዋጣም። ፍሬ በፍሬ መልቀም ነው።

ማባዛት እንደዚያ ነው። 73ን በ103 ማባዛት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይችላል። 7519ን ሰጥቶ «ከማን ከማን ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሃያ አንድ ጊዜ ያስደክማል። ሁለቱ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከ300 አኃዝ በላይ ቢሆኑስ? ማባዛቱ ለኮምፒውተር አሁንም የዓይን ጥቅሻ ነው። መልሶ መለየቱ ግን ፀሐይ እስክትጠፋ ቢሠራም አያልቅም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚር እና ሊዮናርድ አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች ይህን ጠባይ ቁልፍ አደረጉት። በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አር.ኤስ.ኤ. ይባላል። ክሊፎርድ ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ደርሶበት ነበር፤ ለመንግሥት የስለላ ክፍል ይሠራ ስለነበር ግን እስከ 1997 ምስጢር ሆኖ ቆየ።

ባንኩ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮችን በምስጢር ይመርጣል። ያባዛቸዋል። ውጤቱን ለዓለም ሁሉ ይናገራል። ጆንያውን ሁሉም ያየዋል። ነጩና ቀዩ ስንት ስንት እንደነበሩ የሚያውቀው ግን ባንኩ ብቻ ነው።

እስቲ አንዱን ትልቅ ቁጥር በቅርብ እንየው። አር.ኤስ.ኤ.-2048 ይባላል። ባለሙያዎች ጉልበታቸውን እንዲፈትኑበት የተሰጠ ነው። 617 አኃዞች አሉት። እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ 25195908475657893494…። መጨረሻው ደግሞ …20357 ነው። የፈታው 200,000 ዶላር ይሸለም ነበር። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘጋ። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ስለሱ ምን እናውቃለን? ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው እንደሠሩት ተነግሮናል። ስለዚህ አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ ራሱ፣ እና ሁለቱ ድብቆች። መጨረሻው 7 ስለሆነ የድብቆቹ የመጨረሻ አኃዝ ወይ 1 እና 7 ነው፣ ወይ 3 እና 9። ሌላ ሊሆን አይችልም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 57 ናቸው፤ 57 በ4 ሲገደፍ 1 ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ ድብቆች በ4 ሲገደፉ እኩል ቀሪ ይተዋሉ፤ ወይ ሁለቱም 1፣ ወይ ሁለቱም 3። ይህን ያህል በወረቀትና በእርሳስ ማወቅ ይቻላል። ከዚህ በኋላ ግን በሩ ዝግ ነው።

ታናናሾቹ ተፈትተዋል። 129 አኃዝ ያለው እ.ኤ.አ. በ1977 የቀረበ ጊዜ ለዘመናት አይነካም ተብሎ ነበር። በ1994 ከ600 በላይ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው ፈቱት። 250 አኃዝ ያለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ተፈታ። እሱን ለመፍታት የፈጀው ጉልበት አንድ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ብቻውን ቢሠራ 2,700 ዓመት ገደማ የሚወስድ ነው። ከ250 ወደ 617 ያለው መንገድ ደግሞ እጥፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አኃዝ በጨመረ ቁጥር ድካሙ ተራራ እየሆነ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ትልቅ ቁጥርን መፍታት የግድ ከባድ ነው ብሎ በሒሳብ ያረጋገጠ ሰው የለም። ያለን ማስረጃ ብዙ ብልህ ሰዎች ሞክረው አለመቻላቸው ነው። የዓለም ገንዘብ በዚህ ላይ ተማምኖ ያድራል።

የኔታ ምን ያሰሉ ነበር?

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመንና የበዓላት ስሌት የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ደጃቸው በሰው ይሞላል። «የኔታ፣ ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?» ይላቸዋል ሰው። ጣታቸውን እያጠፉ ትንሽ ያጉተመትማሉ። ከዚያ ይናገራሉ። ካሌንደር አያዩም። እኔ ያኔ በቃላቸው የያዙት ይመስለኝ ነበር። ያሰሉ እንደነበር የገባኝ አድጌ ነው።

የዘንድሮውን እንደሳቸው እናስላው። ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። በ19 ግደፈው። 19 × 395 = 7505፤ 13 ቀረ። «አሐዱ አእትት ለዘመን» ይባላል፤ አንዱን ለዘመኑ ቀንስ። 12 ቀረ። ይህ ወንበር ነው። ወንበርን በ11 አባዛ፣ በ30 ግደፍ፤ አበቅቴ ይወጣል። ወንበርን በ19 አባዛ፣ በ30 ግደፍ፤ መጥቅዕ ይወጣል።

12 × 11 ስንት ነው? በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» ተብሎ የሚጠቀሰውን ዘዴ እንጠቀም። ግራውን ግማሽ እያደረግን፣ ቀኙን እጥፍ እያደረግን እንወርዳለን፤ 12 ከ11፣ 6 ከ22፣ 3 ከ44፣ 1 ከ88። ግራው ለሁለት የማይከፈል ሲሆን ቀኙን እንይዛለን። 44 + 88 = 132። በ30 ሲገደፍ 12። አበቅቴ 12 ነው። መጥቅዕ ደግሞ 12 × 19 = 228፤ በ30 ሲገደፍ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ስሌቱ ትክክል እንደሆነ ይነግረናል።

መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው። 18 + 7 = 25፤ የጾመ ነነዌን መግቢያ የሚነግረን መባጃ ሐመር ይህ ነው። ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። ከነነዌ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። በቃ።

ልብ በሉ፤ የኔታ 7518 ራሱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ግድ አልሰጣቸውም። የፈለጉት ቀሪውን ነው። በ4 ሲገደፍ 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። በ19 ሲገደፍ የጨረቃዋ ነገር ይታወቃል። የቀናቱ ዙር በ7 ይሄዳል። 4 እና 7 ሲባዙ ቅድም አትርሷት ያልኳችሁ 28 ትመጣለች። 28 በ19 ሲባዛ 532 ነው። ዐቢይ ቀመር የሚባለው ይህ ነው። ከ532 ዓመት በኋላ ወንጌላዊውም፣ ዕለቱም፣ ጨረቃውም ተገናኝተው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። 4፣ 7 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው ዙሩ እንዲህ የረዘመው።

ይህን ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ብለው ያስተምሩታል። በዲማ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በመርጡለ ማርያም ያለፈ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ግን «ግደፍ» የሚለውን ቃል ጥዋት ማታ ሰምቶታል።

133፦ ቁልፉም፣ ሌባውም

አሁን ሁለቱን ላገናኝ። ከባሕረ ሐሳብ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮችን እንውሰድ፤ 7 እና 19። ሲባዙ 133። ባንኩ 133ን እና 5ን ለሁሉም ይናገራል። 7 እና 19ን ይደብቃል።

እኔ ለባንኩ 2 የሚል ምስጢር መላክ እፈልጋለሁ። 2ን አምስት ጊዜ አባዛዋለሁ፦ 32። በአየር ላይ የሚሄደው 32 ነው። ባንኩ የራሱን ምስጢር ስለሚያውቅ (7−1) × (19−1) = 108 ይላል። 5 በስንት ሲባዛ፣ በ108 ሲገደፍ 1 ይቀራል? በ65፤ 325 ነውና፣ ሦስት ጊዜ 108 ተገድፎ 1 ይቀራል። ስለዚህ 32ን 65 ጊዜ አባዝቶ በ133 ይገድፋል። 2 ይመጣለታል። 7 እና 19ን የማያውቅ ሰው 108ን አያገኝም፤ 65ም አይገኝለትም።

ኮምፒውተሩ 65 ጊዜ ተራ በተራ እያባዛ አይደክምም። 65ን ግማሽ እያደረገ ይወርዳል፣ በሌላው ወገን ቁጥሩን በራሱ እያባዛ ይሄዳል፤ ለሁለት የማይከፈል ሲያገኝ ይይዛል። ቅድም 12ን በ11 ያባዛንበት መንገድ ነው። ስልኩ ሲከፍል በየቅጽበቱ ይህን ይሠራል። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

አሁን ሌባው። ሌባው 133ን ያያል። ከ1 ይነሳና በ2 እያባዛ፣ በ133 እየገደፈ ይሄዳል፦

1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128፣ 123፣ 113፣ 93፣ 53፣ 106፣ 79፣ 25፣ 50፣ 100፣ 67፣ እና እንደገና 1።

አሥራ ስምንት ጊዜ ሄዶ ወደ 1 ተመለሰ። ዙሩ 18 ነው። ግማሹ 9። ዘጠኝ ጊዜ ሲያባዛ የመጣው ቀሪ ማን ነው? 113። አንድ ቀንሱለት፦ 112። አንድ ጨምሩለት፦ 114። 112 ከ133 ጋር የሚጋራው ትልቁ አካፋይ 7 ነው። 114 ከ133 ጋር የሚጋራው 19 ነው። ጆንያው ተፈታ፤ ነጩ ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ።

እባካችሁ ይህችን ክፍል በወረቀት ሠርታችሁ እዩዋት። ሌባው አካፋይ አልፈለገም። 7ን አልሞከረም፣ 19ን አልሞከረም። የጠየቀው «ቀሪው ተመልሶ የሚመጣው ከስንት በኋላ ነው?» ብቻ ነው። ዐቢይ ቀመርን 532 ያደረገው ጥያቄ ነው።

ለ617 አኃዝ ቁጥር ይህ መንገድ በተራ ኮምፒውተር አይሠራም። ዙሩ ራሱ ስድስት መቶ አኃዝ ገደማ ሊሆን ይችላል። ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? እ.ኤ.አ. በ1994 ግን፣ ያ 129 አኃዝ ያለው ቁጥር በተፈታበት ዓመት፣ ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ ሒሳበኛ አንድ ነገር አሳየ። ኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው ማሽን ቢሠራ፣ ቀሪዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር አይጠበቅበትም። የሞገድን ጠባይ ተጠቅሞ የዙሩን ርዝመት ማውጣት ይችላል። ዙሩ ከታወቀ የቀረው ከላይ በ133 ያየነው ተራ ሒሳብ ነው።

ማሽኑ ዛሬ በዚያ አቅም የለም። ስሌቱ ግን በየጊዜው እየቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ክሬግ ጊድኒ እና ማርቲን ኤኬሮ አር.ኤስ.ኤ.-2048 ዓይነቱን ለመፍታት 20 ሚሊዮን ኪዩቢት ያስፈልጋል ብለው ገመቱ፤ ኪዩቢት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ ክፍል ናት። በ2025 ጊድኒ ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ ኪዩቢት ይበቃል፣ ከሳምንት ባነሰ ጊዜም ያልቃል የሚል አዲስ ግምት አወጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሃያ ወደ አንድ ወረደ። የወረደው በሰው ሐሳብ ነው።

የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት አዳዲስ መመዘኛዎችን አጸደቀ። እነሱ ትልቅ ቁጥር በመፍታት ላይ አይመሠረቱም። የዚሁ ተቋም ረቂቅ ዕቅድ የዛሬውን 617 አኃዝ ቁልፍ እ.ኤ.አ. ከ2030 በኋላ እንዲሸሽ፣ ከ2035 በኋላ ጨርሶ እንዲቀር ይላል። አንዳንድ መተግበሪያ ከአር.ኤስ.ኤ. ይልቅ ኤሊፕቲክ ከርቭ የሚባለውን ቁልፍ ይጠቀማል፤ እሱም በሾር ዘዴ ይወድቃል።

ለእህል ተራዋ ሴት ምን ማለት ነው?

ነገ ጠዋት ገንዘባቸው ይጠፋል ማለት አይደለም። ይህን አስረግጬ ልበለው። በገበያችን የሚሰረቅ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ሌባ ቁጥር ፈትቶበት አይደለም። ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ሲለው ስለሚነግረው ነው። የውሸት መልእክት አሳይቶ ጤፍ ጭኖ የሚሄድም አለ። ቁልፉ 617 አኃዝ ቢሆን ባለቤቱ በሩን ከከፈተ ምን ያደርጋል? የሴትዮዋ «አልገባም ልጄ፤ ቆይ» ማለት ትልቅ ጥበብ ነው።

የኳንተሙ ነገር የሚመለከተው ዘለግ ያለ ዕድሜ ያለውን ምስጢር ነው። ዛሬ የተቆለፈ መልእክት ሰርቆ ማስቀመጥ፣ ማሽኑ ሲመጣ መክፈት ይቻላል። የዛሬ የጤፍ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2035 ቢታወቅ ማን ይጎዳል? ማንም። ግን ለፋይዳ መታወቂያ የሰጠነው የጣት አሻራና የዓይን ብሌን የዛሬ ሃያ ዓመትም ያው ነው። የምስጢር ቁጥር ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። ሀገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ (1072/2010)፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ (1284/2015) እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (1321/2016) አላት። አዋጆቹ መረጃው ይጠበቅ ይላሉ። የሚጠብቀው ቁልፍ መቼ ይቀየራል የሚለውን ግን ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ከአሁኑ ሊነጋገሩበት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቁልፍ መቀየር በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ የት የት እንዳለ ቆጥሮ ማወቁ ብቻ ዓመታት ይወስዳል።

እኔን የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን ትምህርቱ ነው። ልጆቻችን «ከ1 እስከ 100 ያሉ ብቸኛ ቁጥሮችን ዘርዝሩ» ይባላሉ። ሃያ አምስቱን ይዘረዝራሉ። ፈተና ያልፋሉ። ለምን እንደሚጠቅም ማንም አይነግራቸውም። በዚያው ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ሌላ ልጅ በ19 ይገድፋል። ሁለቱ ልጆች አንድ ትምህርት እየተማሩ አይተዋወቁም። የደብረ ማርቆስ፣ የባሕር ዳር እና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህራን ከአብነት መምህራን ጋር አንድ ገበታ ላይ ቢቀመጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ልጅ የቀሪን ሒሳብ በአንድ ቀን ይገባዋል። የቀሪ ሒሳብ የገባው ልጅ ደግሞ ነገ የሀገሩን ቁልፍ የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምለው በዓይኔ ስላየሁ ነው። በቅርቡ ለዘመድ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ የ133ን ነገር አሳየሁት። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ነው። «ለከርሞው ዓመተ ዓለምስ ይሠራል?» አለኝ። ሞክረው አልኩት። ለ7519 በ2 እያባዛ ሄደ። 153ኛው ላይ ወደ 1 ተመለሰለት። 153 ለሁለት አይከፈልም፤ ግማሽ የለውም። ተበሳጨ። «በ2 እምቢ ካለ በ3 ይሞከራል» አልኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ደብተሩን ይዞ መጣ። ገጽ ሙሉ፣ ገጽ ሙሉ ቀሪ። ዙሩ 204 ነው። ግማሹ 102። 102ኛው ቀሪ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብቦበታል፦ 3503። ከሥሩ ሁለት መስመር ጽፏል።

3504 = 48 × 73

3502 = 34 × 103